ሞተሩን ያስቆመችው ትንሽ መብራት

ልጄ ሥራ የጀመረች ዕለት ሦስት ሹራብ ደርባ፣ በላዩ ካፖርት ጨምራ፣ አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ ነበር ከቤት የወጣችው። ያለበስኳት እኔ ነኝ። ምን ላድርግ? በምትሠራበት ክፍል ያለው ማሽን ከበረዶ አልፎ፣ ከዋክብት ካሉበት ጨለማ እንኳ የባሰ ቅዝቃዜ እንደሚያወጣ የነገረችኝ ራሷ ናት። ይህን የሰማች እናት ልጇን በስስ ሸሚዝ ትሸኛለች?

«እማ፣ ቅዝቃዜው እኮ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ነው» አለችኝ።

«ሆዱ የቀዘቀዘ ጀርባው ይሞቃል?» አልኳት።

ካፖርቷን ቆለፈች። ፊዚክስ ተምራ ዶክተር የተባለች ልጅ፣ በሹራብ ጉዳይ እናቷን ተከራክራ እንደማታሸንፍ ታውቃለች።

ቤተ ሙከራው ከአንድ ትልቅ ሕንጻ ሥር፣ ምድር ቤት ነው። ደረጃውን ወርዳ በሩን ስትከፍት ወላፈን ፊቷን መታት። ለካ ማሽኑ ቅዝቃዜውን ለራሱ ይዞ ሙቀቱን ሁሉ ክፍሉ ውስጥ ይተፋል! አንድ ወጣት በካናቴራ ብቻ፣ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሎበት፣ መፍቻ ይዞ ከማሽኑ ሥር ተንጋሏል። ቀና ብሎ ከእግሯ እስከ ራሷ አያት።

«እህቴ፣ የበረዶው ተራራ የሚቀጥለው ፌርማታ ላይ ነው» አላት።

ልጄ መሳቅ ፈለገች፤ ሻርፑ አፏን ይዞታል። ካፖርቱን አወለቀች፤ ተቀበላት። ሹራቡን አወለቀች፤ ተቀበላት። ሁለተኛውንም ተቀበላትና ክንዱ ሞላ።

«ገና አለ?»

«አንድ ቀርቷል» ብላ ሦስተኛውንም አወለቀች።

ወጣቱ የያዘውን ልብስ ክምር አየ፣ እሷን አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ቀልድ ቀስ ብሎ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ።

«እናት አለሽ ማለት ነው» አላት።

የዚያን ዕለት ራት ላይ ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር። ስለ ማሽኑ ስጠይቃት በአንድ ቃል መለሰችልኝ፤ ስለ ካናቴራው ልጅ ግን ሳልጠይቃት ነገረችኝ። እኔም ሳህን እያነሳሁ ያልሰማሁ መሰልኩ።

ልጁ የማቀዝቀዣ ማሽኑ መሐንዲስ ነው። ሁሉም «በረዶ» ነው የሚሉት። አባቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንድ ልብስ ማጠቢያ ፋብሪካ ቦይለር ሲያነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። «እሳት አመድ ይወልዳል ይባላል፤ የእኔ አባት እሳት ግን በረዶ ወለደ» እያለ ራሱ ያሾፋል። ለልጄም ስም ለማውጣት ጊዜ አልወሰደበትም። «ቴርሞሜትር» አላት፤ ስሙም ጸደቀ።

እውነቱን ነው። ልጄ ምድጃ አጥፍታ ወጥታ፣ ማጥፋቷን ለማየት ትመለሳለች። በር ቆልፋ እጀታውን ትጎትታለች፤ ደረጃ ወርዳ ተመልሳ ደግሞ ትጎትታለች። ይህን ከማን እንደወረሰችው አትጠይቁኝ።

ሥራዋ ምን እንደሆነ እንድታስረዳኝ አንድ ቀን ወጥ ቤት ውስጥ ያዝኳት። አንድ ብርጭቆ ትኩስ ሻይ፣ አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ ጎን ለጎን አስቀመጠች።

«ሁለቱን ብናነካካቸው ሙቀቱ ወዴት ይሄዳል?»

«ከትኩሱ ወደ ቀዝቃዛው ነዋ! ይሄማ ለማን ይጠፋል?»

«መንገዱ ላይ መንኮራኩር ብናቆምለት፣ ሲያልፍ ያዞርልናል። ሞተር ማለት በቃ ይኸው ነው። የእኛ ሞተር ግን ሁለት አተም ብቻ ናት፤ አንዷ ሞቅ ያለች፣ አንዷ ቀዝቃዛ።»

«ሁለት አተም ምን ታንቀሳቅሳለች? ትንኝ?»

«ትንኝም አታንቀሳቅስም። ግን ሌላ ጉድ አለባት። ሁለቱን አስቀድመን እናስተሳስራቸዋለን። ቁርኝት ነው የምንለው። ለየብቻ ብታያቸው ምንም የተለየ ነገር የላቸውም። ቁርኝቱ አንዷም ውስጥ የለም፣ ሌላዋም ውስጥ የለም፤ በመካከላቸው ነው። ያ ቁርኝት ነዳጅ ይሆናል። ሲነካኩ ሙቀቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከቀዝቃዛዋ ወደ ሞቃቷ!»

«ያለ እሳት?»

«ያለ እሳት። ቁርኝቱ ነው የሚከፍለው። እስካሁን እኛ ማሽን ውስጥ አልሆነም። ሲሆን ግን ታያለሽ።»

«ቁርኝቱ ሲያልቅስ?»

«አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ‹ሲያልቅስ›!» ብላ ሻዩን ጠጣችው።

ይህች ልጅ ሁለቱ አተሞች ቦታቸው ላይ መኖራቸውን ሳታይ እንቅልፍ አይወስዳትም። ስለዚህ አንዲት ጠባቂ መብራት አስገጠመችባቸው። መብራት ማለቴ፣ ለዓይን የማትታይ፣ ከኮከብ ብርሃን የደከመች ጨረር ናት። መስመሯን የዘረጋላት በረዶ ነው።

«አትረብሻቸውም?» አላት።

«አስልቻታለሁ፤ ምንም አትነካቸውም። በእሷ የማየው መኖራቸውን ብቻ ነው።»

«ከሌሉስ የት ይሄዳሉ? አውቶቡስ አይሳፈሩ!»

«ቀልድህን ዋጥና ብሎኑን እሰር።»

አንድ ቅዳሜ ፍሪጃችን ታመመብኝ። ቅቤው ይቀልጣል፣ ወተቱ ይበላሻል። ልጄ «የሚያውቅ ሰው አለ» ብላ በረዶን ይዛው መጣች። የሰማይን ያህል የሚያቀዘቅዝ ሰው ለእኔ ወተት መምጣቱ አሳፈረኝ። እሱ ግን ጆሮውን እንደ ሐኪም ፍሪጁ ላይ አስደገፈና አዳመጠ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እኔ ወተቱን ላሳየው ከፈትኩ፤ ዘጋሁ። ውኃ ልሰጠው ከፈትኩ፤ ዘጋሁ። ቅቤው ደረቅ ማለቱን ለማየት ከፈትኩ።

«እናቴ፣ ፍሪጁ ጤነኛ ነው» አለኝ።

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

«ዕረፍት አጥቶ ነው።»

ልጄ ሳቋን በመዳፏ አፈነች። እሱም ቀና ብሎ አያት። እሷም አየችው። አንድ ጊዜ ዓይን እስኪርገበገብ ብቻ ነው፤ እኔ ግን ወተቱን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ፍሪጁ ተከፍቶ እያለ ወጥ ቤቱ ሞቀ።

እናት ነኝና አላስቻለኝም። እሱ እንደሄደ ልጄን ያዝኳት።

«ምንሽ ነው?»

«የሥራ ባልደረባዬ ነዋ።»

ፊቷን አገላብጬ አየሁት፤ ምንም። ሌላ ቀን እሷ በሌለችበት ለፍሪጁ በር አዲስ ጎማ ይዞልኝ መጣ። እሱንም ያዝኩት።

«ልጄን እንዴት አገኘሃት?»

«ጎበዝ ሠራተኛ ናት፣ እናቴ» አለና ጎማውን ማጣበቁን ቀጠለ። እሱም ላይ ምንም። ለየብቻ ስጠይቃቸው ሁለቱም ባዶ ናቸው፤ አንድ ላይ ሲቀመጡ ደግሞ ቤቱ ይሞላል። ዓይኔ ነው የሚያታልለኝ? ለሰርግ ልዘጋጅ ወይስ ልተወው? እንዲህ እያልኩ ስብከነከን ወራት አለፉ።

ሥራቸው ግን አልሰምር አለ። ሁለቱን አተሞች ያስተሳስሯቸዋል፣ ያነካኳቸዋል፤ ሙቀቱ እንደ እኔ ብርጭቆዎች ከሞቃቷ ወደ ቀዝቃዛዋ ይሄዳል። ወደ ኋላ የሚባል ነገር የለም። አለቃቸው ፕሮፌሰር ጢማቸውን ሲያፍተለትሉ ሰንብተው አንድ ቀን ፈረዱ። «ከማቀዝቀዣው ሙቀት ሾልኮ እየገባ ነው። ቁርኝቱን የሚበላብን እሱ ነው።»

በረዶ ማሽኑን ፈታ፣ አጠበ፣ ገጠመ። ለውጥ የለም። በመጨረሻ ሌላ ማሽን ከነመሐንዲሱ ሊከራዩ ወሰኑ። ያን ሳምንት ደግሞ ባሕር ማዶ ያለ አንድ ትልቅ የክትባት ማከማቻ በረዶን ለሥራ ፈለገው። እስከ ቀጣዩ ሳምንት ዓርብ መልስ መስጠት አለበት።

ማሽኑ በሰው ፊት ሲወቀስ በረዶ አልተከራከረም። ኮሪደር ላይ ግን ልጄን ጠበቃት።

«መብራቷን ለአንድ ቀን እናጥፋትና እንሞክር።»

«ጥፋቱን ወደ እኔ ልታዞረው?»

«አልወጣኝም።»

«አስልቻታለሁ አልኩህ እኮ! ካላየሁ ምን እየሆነ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

«አንዳንዴ ሳያዩም ያምናሉ።»

«ይሄ ቤተ ሙከራ ነው፤ ቤተ እምነት አይደለም!»

እጁን ኪሱ ከተተ። «እሺ፣ ቴርሞሜትር» አላት። ሌላ ጊዜ ይህን ስም ሲጠራ ይስቅ ነበር።

እሷም ዝም ብላ አልመጣችም። «እዚያማ ደመወዙ ጥሩ ነው አሉ፤ ብትሄድ ይሻልሃል» አለችው፣ እቀራለሁ ይል እንደሆነ ለማየት። እሱም «አዎ፣ ጥሩ ነው» አላት፣ አትሂድ ትለው እንደሆነ ለማየት። የተባባሉትን ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ነገረችኝ።

«እንዲሄድ ትፈልጊያለሽ?» አልኳት።

«እሱ ካልተናገረ እኔ ምን ብዬ እናገራለሁ?»

ያን ጊዜ ፊቷ ላይ ፈልጌ ያጣሁት ሁሉ ነበረ። አፌ ድረስ የመጣውን ምክር ዋጥኩት፤ ስላቃጠለኝም ውኃ ጠጣሁበት።

እሑድ ከምሳ በኋላ ራሷን አሟት ጋደም አለች። ያሳዘነችኝ ልጅ ትተኛ ብዬ ቤቱን ጸጥ አደረግሁት። ራዲዮኑን አጠፋሁ፣ ጫማዬን አወለቅሁ። ከዚያ ተኝታ ይሆን? ብዬ በሩን በቀስታ ገፋ አደረግሁ።

«ተኛሽ?» አልኩ በሹክሹክታ።

«ልተኛ ነው፣ እማ።»

ዘጋሁት። ጥቂት ቆየሁ። አሁንስ?

«የኔ ልጅ፣ ተኛሽ?»

«እማዬ!» ብላ ተነሥታ ተቀመጠች። «ልክ ሊወስደኝ ሲል እኮ ነው የጠራሽኝ! ‹ተኛሽ› እያልሽኝ እንዴት ልተኛ? አንቺ ብቻ እኮ ነሽ...»

ንግግሯ ተቋረጠ። አፏ እንደተከፈተ ቀረ።

«ምነው? ባሰብሽ? ሐኪም ልጥራ?»

«እማ፣ እስቲ ድገሚው።»

«ምኑን?»

«ያልሽውን። በሹክሹክታ።»

«ተ... ተኛሽ?» አልኩ ፈራ ብዬ።

ከአልጋው ዘላ ወረደች። «ቀስ ብሎ መጠየቅም መጠየቅ ነው!» ብላ ጉንጬን ሳመችኝና ወረቀት ይዛ ወለሉ ላይ ተዘረጋች። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ስታሰላ ዋለች። እኔም በሩን አልከፈትኩም። አንዴ ብቻ፤ ያውም ሻይ ይዤ ነው።

ስትጨርስ ዓይኗ በርቶ ወጣች። «መብራቷ ሞቃቷን አላሞቀቻትም፣ ቀዝቃዛዋንም አልነካቻትም። ለየብቻ ሳሰላቸው ልክ ነበርኩ። ግን ባየኋቸው ቁጥር ከመካከላቸው ያለው ቁርኝት ትንሽ ትንሽ ይወሰዳል። ሳይነካኩ በፊት ነዳጁ አልቋል! አንድ ላይ አላሰላኋቸውም፣ እማ። አንድ ላይ!»

እኔም ሁለት ሰው ለየብቻ እየያዝኩ የጠየቅሁት ትዝ አለኝ።

ሰኞ ጠዋት ልጄ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ቆመች። «ማሽኑ ንጹሕ ነው። ሥራችንን ያበላሸችው የእኔ መብራት ናት» አለች።  ፕሮፌሰሩ ጢማቸውን ለቀቁ። «እንግዲያው ነገ አጥፍታችሁ አሳዩኝ» አሏት።

በረዶ መፍቻዎቹን ሣጥን ውስጥ እየከተተ አገኘችው።

«መፍቻህን መልሰው።»

«ምን ተገኘ?»

«ማሽንህን ሳያጠፋ በድየዋለሁ፤ ይቅርታ ልጠይቀው መጣሁ።»

«እሱ ቂም አያውቅም። ሆዱ ቀዝቃዛ ነው።»

«አንተስ ስለ መብራቷ አውቀህ ነበር የነገርከኝ?»

«የት አውቄ! ማሽኔን ስላመንኩ ብቻ ነው» አላት። ሳቁ ግን ገና አልተመለሰም።

በማግስቱ ልጄ ምሳ ዕቃዋን ረስታ ወጣች። እንዲህ ባለ ቀን በባዶ ሆዷ ልትውል ነው ብዬ ይዤላት ሄድኩ። ደረጃውን ወርጄ በሩ ላይ ስደርስ ወረቀት ተለጥፏል። በጎልማሶች ትምህርት ክፍል ፊደል መቁጠር ገና መጀመሬ ነው፤ ጣቴን እያስከተልኩ አነበብኩት። «ሥራ ላይ ነን። አትክፈቱ፤ አታንኳኩ።»

ድሮ ቢሆን ከፍቼ «ወረቀቱን ማን አየው?» እል ነበር። አሁን ግን አንብቤዋለሁ፤ ምን ምክንያት አለኝ? ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። በሩን አየሁት። እጄ ተነሣ። እጄ ላይ ተቀመጥኩበት።

ውስጥ የሆነውን ኋላ ሁለቱም ነግረውኛል። መብራቷ ጠፍታለች። የልጄ ስክሪን ጥቁር ነው። ማሽኑ ጭፍ፣ ጭፍ ይላል።

«አሁን ቦታቸው ላይ ባይኖሩስ?» አለችው።

«አሉ።»

«በምን አወቅህ?»

«አላወቅሁም። አሉ።»

እጇ ሳታዝዘው ወደ መብራቷ ማብሪያ ሄደ። በረዶ ቀድሞ መዳፉን ማብሪያው ላይ አሳረፈ። እሷን አልያዛትም፣ አልከለከላትም። እጇ ሄዶ እጁ ላይ ወደቀ፤ እዚያው ቀረ። አላነሣችውም። አላንቀሳቀሰውም። ሁለቱም ጥቁሩን ስክሪን እያዩ፣ አንዳቸው ሌላውን ሳያዩ፣ ማሽኑ ዙሩን ደጋግሞ እስኪጨርስ እንዲሁ ቆዩ።

መጨረሻ ላይ ብቻ ለኩ። ቀዝቃዛዋ ይብስ ቀዝቅዛለች። ሞቃቷ ይብስ ሞቃለች።

የልጄን ጩኸት ውጭ ሆኜ ሰማሁት። ብድግ አልኩ። ደስታ ነው? አደጋ ነው? ወረቀቱን ደግሜ አነበብኩት፤ «አትክፈቱ» ይላል እንጂ «ሲጮኹ ክፈቱ» አይልም። ቀጥሎ ዝምታ ሆነ። እሱ ደግሞ ከጩኸቱ ይብስ አስጨነቀኝ።

በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው ልጄ የተናገረችው።

«እዚያ ደመወዙ ጥሩ ነው ያልኩህ እየለካሁህ ነበር።»

«ገብቶኛል። እኔም ስለካሽ ነበር።»

«አሁን አልለካህም፤ እነግርሃለሁ። እወድሃለሁ። ቅርልኝ።»

እጁ አሁንም ከእጇ ሥር ነው። ረዥም ጊዜ ዝም አለ፤ እሷም፣ ቴርሞሜትሯ፣ ምን እያሰበ እንደሆነ አልጠየቀችውም።

«እኔ እኮ የቀረሁት» አላት በመጨረሻ፣ ሳቁ ተመልሶ፣ «ሦስተኛውን ሹራብ ስታወልቂ ነው።»

በሩ ሲከፈት ምሳ ዕቃዬን አቅፌ ደረጃው ላይ አገኙኝ።

«እማ! ከመቼ ጀምሮ ነሽ? ምነው አላንኳኳሽ?»

«አታንኳኩ ይላላ!»

ልጄ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች። አንብቤው እንደተቀመጥኩ ሲገባት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ እየሳቀች አለቀሰች። በትከሻዋ ላይ አሻግሬ በረዶን አየሁት። አሁን ለየብቻ ብጠይቀውም ፊቱ ሁሉን ይናገር ነበር።

«ምሳው ቀዝቅዟል» አልኩ፣ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ።

«ይሄማ የእኔ ሥራ ነው» ብሎ ተቀበለኝና ሙቀት የሚተፋው የማሽኑ መጭመቂያ ላይ አስቀመጠው። ወዲያው ሞቀ። ያ ሆዱ በረዶ የሆነ ማሽን ጀርባው ላይ ምሳ ያሞቃል! ፕሮፌሰሩም ሳይቀሩ ከዚያው ዕቃ በላን።

ዓርብ ዕለት በረዶ ለባሕር ማዶዎቹ አልመጣም ብሎ መለሰ። አባቱ ለሽምግልና ቤታችን ሲመጡ «እሳት አንድጄ በረዶ የወለድኩ እኔ፣ ደግሞ ቴርሞሜትር ልጨምር ነው?» ብለው ከልባቸው ሳቁ። ሁሉም ደስ ብሎት ሳለ እኔን ያቺ ጥያቄ አልለቅ አለችኝ። በረዶን ወደ ጎን ሳብኩት።

«ልጄ፣ ያ ነዳጁ፣ ቁርኝቱ... ሲያልቅስ?»

አልሳቀብኝም። «ያልቃል፣ እናቴ» አለኝ። «ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ያልቃል። እኛም ጠዋት ጠዋት እየገባን እንደገና እናስተሳስራቸዋለን።»

ከተጋቡ በኋላ ቤታቸው ከእኔ ሁለት መንገድ አልፎ ነው። ሲመሽ መስኮታቸው ሲበራ ከእኔ በረንዳ ይታያል። በሉ ይሆን? በሩን ቆልፈዋል? ስልኩን አነሣለሁ፤ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። አሉ፣ እላለሁ ለራሴ። አላወቅሁም፤ አሉ።

ትናንት እንዲሁ ሳልደውል፣ እጄ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ወደ ማታ ስልኩ ራሱ ጮኸ።

«እማ!» አለች ልጄ በተጨነቀ ድምፅ። «ምነው ዛሬ ዝም አልሽ? አሞሻል እንዴ?»